አንዲት ሴት፣ አንድ ፋይል

በሳዑዲ ኢቃማዬ ላይ ሹፌር ነኝ። መኪና መንዳት አልችልም። አገር ቤት በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ በሙያዬ ቪዛ የሚያወጣልኝ ሰው ሳጣ፣ ደላላው «የሹፌር አለ፤ ትሄዳለህ?» አለኝ፤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ የመኖሪያ ፈቃዴ አንድ ነገር ይላል፣ እኔ ሌላ ሠርቼ አድራለሁ። እንዲህ የሚኖር ሰው ተጠራጣሪ ካልሆነ ብዙ አይሰነብትም። በር ሲንኳኳ ከመክፈቴ በፊት ጫማዬን አደርጋለሁ። ሰው ፈገግ ሲልልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ታክሲ ስይዝ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ጎኑ ከተቀመጥኩ ባለታክሲው ሥራዬን ይጠይቀኛል፤ ሹፌር ነኝ ካልኩት ደግሞ ስለ ሞተር ያወራኛል።

እንጀራዬ ይህንኑ ጠባዬን ይወደዋል። ሥራዬ ማማከር ነው። አንድ ድርጅት ትንሽ ሳለ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ጭንቅላትና በአንድ ኤክሴል ይያዛል። ሲያድግ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያፈርሰዋል። ያኔ እኔን ይጠሩኛል። ኮድ የምጽፈው ጥቂት ነው። የምወስነው የትኛው መረጃ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን እንደሚጠይቅ፣ ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ሲጋጭ የትኛው እንደሚታመን ነው። ግድግዳ ከመቆሙ በፊት በሩ በየት በኩል እንደሚሆን የሚወስን ሰው አለ አይደል፣ እንደዚያ። ለሌላው የሚታመነውን የሚመርጥ ሰው እሱ ራሱ ማንንም ባያምን ይሻላል ብዬ አስብ ነበር።

ይህን ታሪክ ያመጣብኝ ሥራ ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር የነበረ መክተብ ነው፤ ከኢትዮጵያ የቤት ሠራተኞች የሚያስመጣ ቢሮ። ጊዜው ልጆቹ አውሮፕላን ሞልተው የሚመጡበት ጊዜ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ሻርፕ ጠምጥመው፣ ወረቀታቸውን በላስቲክ ፌስታል ደረታቸው ላይ ይዘው ጅዳ አየር ማረፊያ ይሰለፋሉ። ቢሮው ከአንድ ክፍል ተነስቶ በአጭር ጊዜ ሦስት ቅርንጫፍ ሆኗል፤ ዋናው ሳፋ፣ ሁለተኛው ሩዋይስ፣ ሦስተኛው መካ። ሁሉም ሙዲር የሚሉት ባለቤቱ የመጀመሪያ ቀን ሻይ አስቀርቦልኝ ችግሩን ባጭሩ ነገረኝ።

«አንዷ ልጅ ሦስት ቦታ ተጽፋለች። ሦስቱም ቦታ ሌላ ሌላ ቤት ናት። አሁን እቤቷ ደውዬ ባገኛት፣ ያገኘሁት የትኛዋን እንደሆነ አላውቅም።»

ሁለት ፕሮግራመሮች ሰጠኝ። አንዱ ቶሎ ለቀቀ፤ የቀረው ዝምተኛ ሱዳናዊ ነበር። ሥራውን የምንመራው እኔና እሱ ሆንን፤ እኔ እነድፋለሁ፣ እሱ ይሠራል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያውም ሰላም ነሳኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መካ አልገባም። ስለዚህ ሲስተም የምሠራለትን ቅርንጫፍ አይቼው አላውቅም። ጠረጴዛው ስንት ነው፣ ፋይሉን ማን ይይዛል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ማን ይቀመጣል፣ ሁሉንም የማውቀው በስልክ ከሚነግሩኝ ነው። የሚነግሩኝን ደግሞ አላምንም ነበር። ከመካ የሚመጣ መረጃ ሲበላሽ ሆን ብለው ያበላሹት ይመስለኛል፤ ሲያምር ደግሞ የባሰ እጠራጠራለሁ።

ከመካ ይልቅ ግን ዓይኔ ያረፈው እዚያው ሳፋ፣ ከፊቴ በተቀመጡት ሴት ላይ ነው። አስተርጓሚ ናቸው። የወሎ ሰው፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ እሳቸውም በወጣትነታቸው በቤት ሠራተኝነት መጥተው እዚያው የቀሩ። ቢሮው ሁሉ፣ ሙዲሩም ሳይቀር፣ «እትዬ» ይላቸዋል። ልጆቹ ከየገቡበት ቤት የሚደውሉት ለእሳቸው ነው። እትዬ ስልኩን በትከሻቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ሲጨርሱ አጠገባቸው ያለውን ኮምፒውተር አልፈው ከመሳቢያቸው አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ያወጣሉ። ጥቂት ይጽፋሉ፣ ይዘጉታል፣ ይመልሱታል።

በዚያ ሰሞን ሙዲሩን እንቅልፍ የነሳው ሌላ ጉዳይ ነበር። ልጆቹ በገቡ በሁለትና በሦስት ወራቸው ከአሠሪዎቻቸው ቤት ይጠፋሉ። ከመጥፋታቸው በፊት ከማይታወቅ ቁጥር ይደወልላቸዋል፤ «ከዚያ ውጪ፣ የተሻለ ቤት አለ» የሚል ደላላ ነው። ሙዲሩ «ቁጥራቸውን ከቢሮዬ የሚያወጣ ሰው አለ» አለኝ። ጥቁሩን ደብተር አየሁ። ነገሩ የገባኝ መሰለኝ።

ተከታተልኳቸው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ጎበዝ የሆንኩ ነበር የመሰለኝ። አንድ ዓርብ ከአስር ሰላት በኋላ ትልቅ ፌስታል አንጠልጥለው ታክሲ ሲይዙ እኔም ሌላ ያዝኩ፤ ከኋላ ተቀምጬ እርግጥ ነው። በኒ ማሊክ ሰፈር ወረዱ። አንድ አሮጌ ሕንጻ ገቡ። እኔ ማዶ ካለች ሱቅ ውሃ ገዛሁ። ደግሜ ገዛሁ። ሦስተኛውን ስገዛ የመናዊው ባለሱቅ «ሰው ትጠብቃለህ?» አለኝ፤ አስተያየቱ ደስ አላለኝም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እትዬ ባዶ ፌስታል አጣጥፈው ወጡ። ማስታወሻዬ ላይ «በኒ ማሊክ፣ ያልታወቀ ቤት» ብዬ ጻፍኩ።

ዋናው ሥራዬ ግን የተደጋገሙትን ፋይሎች አንድ ማድረግ ነበር። «አንዲት ሴት፣ አንድ ፋይል» የሚል ደንብ አወጣሁ፤ ሙዲሩ ወደዳት፣ በአረብኛ በትልቁ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፋት። ግን ሁለት ፋይል የአንዲት ሴት መሆኑ በምን ይታወቃል? ሱዳናዊው በፓስፖርት ቁጥር አለኝ። እምቢ አልኩ። ቁጥሩን የሚያስገቡት ጸሐፊዎች ናቸው፣ ጸሐፊዎችን ደግሞ አላምናቸውም፤ ከአምስት ቁጥር አንዱን ተሳስተው ሲጽፉት አይቻለሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀን፤ አራቱ ከገጠሙ አንዲት ሴት ናት አልኩ። ፋይሎቹ ሲዋሃዱ የሚጋጭ ነገር ካለ መጨረሻ የገባው ያሸንፋል።

«እርግጠኛ ነህ፣ ያ ኡስታዝ?» አለኝ።

«አራት ነገር ባንድ ጊዜ እንዴት ይገጥማል?» አልኩት።

በስብሰባው ላይ እትዬም ነበሩ። ሲነገራቸው በጥሞና ሰሙና በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ እነዚህ ልጆች በወረቀት አይለዩም።»

«በምን ይለያሉ እትዬ?»

«በእናታቸው። የአያቷን ስም ደላላው ያሻውን ይሰጣታል፤ ዕድሜዋንም እሱ ነው የሚወልደው። የእናቷን ስም ግን ማንም አይጠይቃት፤ ፎርሙ ላይ የለማ። እና እሱን አይነኩባትም።»

ትክክለኛውን ነገር በቀጥታ ነገሩኝ። ሰማኋቸው፣ ገባኝም። ግን የሰማሁት ደብተራቸውን ለማዳን የሚከራከሩ ሰው አድርጌ ነው። ወደ ሙዲሩ ዞሬ በአረብኛ፣ አንድ ድርጅት ውስጥ ሁለት መዝገብ ካለ ሁለት እውነት አለ ማለት ነው፣ ሲስተሙ እንዲሠራ ከፈለግክ ያ ደብተር መቅረት አለበት አልኩት። ሙዲሩ እጁን ዘረጋ። እትዬ ደብተሩን አውጥተው ሰጡት። ራሱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበትና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ኻላስ፣ በቃ» አሉ እትዬ። «አላህ ያውቃል።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የምናገረው አለ። እኔ የተወለድኩት በክረምት ነው። እናቴ ምጥ ሲይዛት ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ በቅሎ ላይ ሆና እንደተሻገረች አንድ ሺህ ጊዜ ነግራኛለች። ፓስፖርቴ ግን ጃንዋሪ አንድ ይላል። ደላላው ከእኔ ጋር ለነበሩት ሁሉ ያንኑ ቀን ነው የጻፈው፤ «ለመሙላት ይቀላል» ብሎ። መንዳት የማልችል ሹፌር፣ በክረምት ተወልጄ በበጋ የተጻፍኩ ሰው፣ ወረቀት እንደማይዋሽ አድርጌ ሲስተም ሠራሁ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ወረቀቱን መጠርጠር ረሳሁ።

ውህደቱ አንድ ጠዋት ተካሄደ። ሙዲሩ ከኋላዬ ቆሞ የፋይሉ ብዛት ሲቀንስ እያየ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ለምሳ ከብሳ አዘዘልን። እትዬ ጾመኛ ነኝ አሉ፤ የጾም ወር አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከመካ ተደወለ። ስልኩን ያነሱት እትዬ ናቸው። በዚያ በኩል ያለችው እዚያው መካ በአንድ ቤት ሁለት ዓመቷን የጨረሰች ልጅ ናት። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሳያዞሩ፣ ድምፁን ለሁላችንም ከፍተው አሰሙን።

«እትዬ፣ ባባ የኹሩጅ ወረቀቴን ሊያወጣልኝ ሄዶ ሁሩብ አለባት አሉት። ጠፍታለች አሉት! እኔ እኮ እዚሁ ነኝ። ማዳምም ፈርታለች። እናቴ አልጋ ላይ ናት እትዬ፤ ሻንጣዬን አስሬ ነው የምጠብቀው፤ በዓይኗ ልድረስባት።»

ባባ የምትለው አሠሪዋን ነው። ሁሩብ ማለት ከአሠሪ ቤት ጠፍታለች የሚል ክስ ነው። የመውጫ ወረቀት፣ ኹሩጅ የሚሉት፣ ክሱ ሳይነሳ አይሰጣትም። ክሱ እንዲነሳ ደግሞ ቢሮው መጀመሪያ ስህተት መሆኑን መጻፍ አለበት።

ፋይሏን ከፈትኩ። አንዲት ሴት፣ አንድ ፋይል። ከአምስት ወር በፊት ሩዋይስ ካለ ቤት ጠፍታለች። ከዚያ መካ ላይ ተመዝግባለች። የመካ ቅርንጫፍ ፋይሎቹን በሙሉ በአዲሱ ሲስተም እንደ አዲስ ስላስገባ፣ ሁሉም የመካ ልጅ ትናንት የመጣች ነበር የምትመስለው። የሁሩቡን ዝርዝር ለቢሮው ጉዳይ አስፈጻሚ የሚልከው ሲስተሙ ራሱ ነው፤ መጨረሻ የገባው ያሸንፋል ባልኩት መሠረት የመካዋን ፓስፖርት ቁጥር ልኳል።

ይህን ሁሉ አየሁ። ያነበብኩት ግን እንዲህ አድርጌ ነው፤ ልጅቷ ከሩዋይስ ጠፋች፣ እትዬ በኒ ማሊክ ደበቋት፣ ከዚያ እኔ የማላያት መካ ውስጥ ሌላ ቤት አስገቧት። አሠሪዋ «ሁለት ዓመት እኔ ዘንድ ኖራለች» ማለቱንም ጠረጠርኩ፤ የጠፋች ሠራተኛ የያዘ ሰው ሌላ ምን ይላል? ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ሙዲሩን ለብቻ ጠርቼ ነገርኩት። «እስኪጣራ ደብዳቤ አትጻፍ» አልኩት።

ዘጠኝ ቀን።

በየጠዋቱ እትዬ ቦርሳቸውን እንዳስቀመጡ መጀመሪያ የሚሉት አንድ ነገር ነው። «የመካዋ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ?» እኔም በየጠዋቱ «እየተጣራ ነው» እላለሁ። ሳጣራ የነበረው ግን የእትዬን የስልክ ዝርዝር ነው፤ ለማን ደወሉ፣ ስንት ደቂቃ አወሩ። ከውህደቱ በፊት የነበረውን የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ በእጄ ይዤ አልከፈትኩትም። ለምን እንዳልከፈትኩት ሳስበው፣ በዚያ ቢሮ ውስጥ የማምነው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ።

በዘጠነኛው ቀን ሱዳናዊው ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ያዋሃድናቸውን ፋይሎች ዝርዝር ይዟል።

«ያ ኡስታዝ፣ አትቀየመኝ። አገራችሁ ሰው የሚወለደው በአንድ ቀን ብቻ ነው እንዴ?»

ስክሪኑን አዞረልኝ። ጃንዋሪ አንድ። ጃንዋሪ አንድ። ጃንዋሪ አንድ። እስከ ታች ድረስ። እሱ እየሳቀ ነበር። እኔ እጄ በራሱ ጊዜ ፓስፖርቴ ወዳለበት ኪስ ሄደ፤ ማውጣት አላስፈለገኝም።

መጠባበቂያውን ከፈትኩ። ሁለት መዝገብ ነው። ስሙ አንድ፣ አባት አንድ፣ አያት አንድ፣ የትውልድ ቀን አንድ፤ የፓስፖርቱ ቁጥር ግን ይለያያል። የመካዋ ፎቶ አላት፤ የሩዋይሷ የላትም። ለሙዲሩ አሳየሁት። አየት አድርጎ፣ «ድሮም ሁለት መዝገብ ነበር፤ አንዲት ሴት ናት ብለህ ያዋሃድክልኝ አንተ ነህ። ሁለት ሴት መሆናቸውን በምን ላረጋግጥ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በቢሮው ካለው ወረቀት ሁሉ ይህን የሚመልስ አንድም አልነበረም።

«ደብተሩን አውጣው» አልኩት።

እትዬ ደብተሩን ሲቀበሉ አልከፈቱትም። «መካ እንሂድ» አሉ። የአሠሪው ፊርማና የልጅቷ አሻራ ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በስልክ የሚሆን አይደለም። የቢሮው ሹፌር እትዬንና እኔን ይዞ ወጣ። ከተማዋ ከመድረሳችን በፊት መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትና ለሙስሊም ብቻ የሚል ሰሌዳ ያለበት ቦታ አለ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ ወረድኩ። በሩን ልዘጋ ስል እትዬ ደብተሩን በመስኮት ዘረጉልኝ።

«አንተ ያዘው። እኔ ብጠይቃት አታምነኝም። ስደርስ ስልኳን አገናኝሃለሁ፤ አንተው ጠይቃት።»

ከስድብ የከፋ ነበር። ያለ ቁጣ ነው ያሉት፤ ፀሐይ ነው ጥላ ያዝ እንደሚባለው።

ማደያው ውስጥ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ወዲያው የዙህር፣ የቀትር ሰላት፣ አዛን ሆነና ባለሻይ ቤቱ አስወጥቶን ዘጋ። ከግድግዳው ሥር በቀጭኗ ጥላ ላይ ቁጢጥ ብዬ ደብተሩን ከፈትኩ። በአማርኛ፣ ጠንከር ባለ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። መጀመሪያ የእናት ስም። ቀጥሎ የልጅቷ ስም፣ የመጣችበት ገጠር፣ ያለችበት ቤት። ከዚያ አንዳንድ ነገር። «ጥርሷን ያማታል፤ ማዳሟን ለምኜ ሐኪም ቤት ወስደዋታል።» «ስልክ የሚሰጧት ጁምዓ ብቻ ነው፤ ጁምዓ ከዙህር በኋላ ከስልክ አልርቅም።» «ታናሽ እህቷ ወለደች፤ ነግሬያታለሁ፤ አልቅሳለች በደስታ።» አንድ ገጽ ላይ ደግሞ «በኒ ማሊክ ሦስተኛ ፎቅ፤ እጇ ተሰብሮ ተቀምጣለች፤ ዓርብ ሾርባና ልብስ።» ቀኑን አየሁት። ማዶ ቆሜ ሦስት ውሃ የጠጣሁበት ዓርብ ነው።

የደላላ ስልክ አንድም አልነበረበትም። የልጆቹን ቁጥር ከቢሮው ማን ያወጣ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ያኔ ለሦስቱም ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሁሉ ፋይሉን በሙሉ ክፍት ያደረግኩት ግን እኔ ነበርኩ።

የምፈልገውንም አገኘሁ። ሁለት ገጽ ተራርቀው፣ ያ አንድ ስም ሁለት ቦታ አለ። የመጀመሪያዋ ሩዋይስ። ከስሟ ጎን «ምግቡን ይቆልፉባታል፤ ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ ለሙዲሩ ነግሬያለሁ፤ ቤት ቀይሩላት ብዬ» ይላል። ከሥሩ በሌላ ቀለም «ወጣች። አላህ ይከተላት።» ሁለተኛዋ መካ። «ደህና ቤት ነው። እናቷ ታማለች።» የሁለቱ እናቶች ስም ፈጽሞ አይገናኝም፤ ገጠራቸውም የተለያየ ነው።

ስልኬ ሲጮህ ደንግጬ ተነሳሁ። እትዬ «ይቺውና» ብለው ብቻ ሰጧት።

«አቤት» አለች ልጅቷ። ድምጿ ጅዳ ሆኜ ከሰማሁት ይበልጥ ሕፃን ነበር።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእናትሽ ስም ማነው?»

«ሞተች እንዴ?» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። እናቷ የታመመች ልጅ ከቢሮ ተደውሎላት የእናቷ ስም ስትጠየቅ ሌላ ምን ይመስላታል? «አይደለም፣ አይደለም፣ ለወረቀቱ ነው፣ በማርያም ለወረቀቱ ነው» አልኳት እየተንተባተብኩ። ትንፋሿን ስትሰበስብ ሰማሁ። የእናቷን ስም ነገረችኝ። የተወለደችበትን ገጠር ነገረችኝ። ሳልጠይቃት ደግሞ እናቷ መንደሩ ውስጥ የምትጠራበትን የቁልምጫ ስም ነገረችኝ። በጣቴ የያዝኩት መስመር ላይ፣ በቅንፍ፣ እሱም ነበረ።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

«ታዲያ ማን ልሆን ነበር?» አለች።

ከሦስት ሰዓት በኋላ እትዬ የተፈረመበትን ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። ጉዳይ አስፈጻሚው ክሱን በሁለት ቀን አስነሳ። ለዘጠኝ ቀን እየተጣራ ነው ስል የከረምኩበት ጉዳይ በሁለት ቀን አለቀ። ልጅቷ ማክሰኞ በረረች።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስገባ እትዬ ቀድመውኝ ደብተሩን ዘርግተው እየጻፉ ነበር። እንደ ልማዳቸው ስለ መካዋ ልጅ አልጠየቁኝም። እኔ ጠየቅኳቸው።

«እናቷን ቅዳሜ ቀብረዋታል» አሉ። «እሷ ማክሰኞ ገባች።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ቅዳሜንና ማክሰኞን ለማስላት ኮምፒውተር አያስፈልግም። ከዘጠኙ ቀን አምስቱን ብቻ ትቼላት ቢሆን በእናቷ አልጋ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። በሽታውን እኔ አላመጣሁትም። ስንብቱን ግን እኔ ነኝ የወሰድኩባት፤ እሱን ማንም ላይ ልለጥፈው አልችልም። እትዬ ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ። ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሲስተሙን እንደገና ነደፍኩት። ማሽኑ ብቻውን ሁለት ፋይል አያዋህድም፤ «ሁለቱ አንዲት ሴት ይሆኑ እንደሆነ እዩልኝ» ብሎ ለእትዬ ይልካል፣ እሳቸው እሺ ካላሉ ይተዋል። የልጆቹን ስልክ ቁጥር ማየት የሚችለው የያዛቸው ቅርንጫፍ ብቻ ሆነ። ከፎርሙ ሁሉ በላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የእናት ስም ሆነ። ሙዲሩ «ይህን እኮ የትም መሥሪያ ቤት አይጠይቀንም» አለኝ። «ለዚያ ነው የሚታመነው» አልኩት። የግድግዳውን ጽሑፍም አወረድኩት። እትዬ ደብተሩን መጻፍ አላቆሙም፤ እኔም ስለ ሁለት እውነት ዳግም አላወራሁም።

ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ከአገር ቤት ተደወለ። እትዬ ብዙ አወሩ፣ አጽናኑ፣ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ። «አንተን ትፈልጋለች።»

«ወንድሜ» አለች። «ፋይሌን ያስተካከልከው አንተ ነህ አሉኝ። አላህ ይስጥልኝ። ለቀብሯ ባልደርስም ለአርባዋ ደርሻለሁ።»

እትዬን አየኋቸው። ደብተራቸው ላይ አጎንብሰዋል። ለልጅቷ ምንም እንዳልነገሯት ገባኝ፤ እንደማይነግሯትም። «ምንም አይደል፣ እህቴ» ብዬ ስልኩን መመለስ እችል ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።

«እህቴ» አልኳት፣ «ፋይልሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከሌላ ልጅ ጋር አንድ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ደብዳቤው እንዳይጻፍ የያዝኩትም እኔ ነኝ። ጠርጥሬሽ ነው።»

ከወዲያ በኩል ሩቅ የሆነ የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝም እውነቷን ነበር።

«ታዲያ ኋላ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ መሆኔን በምን አወቅክ?»

«በእናትሽ ስም።»

ስታለቅስ እሰማታለሁ።

«እንግዲያው ከዚያ ያወጣችኝ እሷ ናት» አለች።

«አዎ» አልኳት። «እሷ ናት።»